ድሪፍት፤ በኋላ ጎማ የሚገፋ መኪናን የማንሸራተት ጥበብና የጀማሪው ትምህርት

ድሪፍት ነጂው የመኪናውን የኋላ ጎማዎች በገዛ ፈቃዱ መሬት ከመያዝ አላቅቆ፣ የመኪናው ፊት ወደ መታጠፊያው ውስጥ፣ ጅራቱም ወደ ውጭ እያመለከተ፣ የፊት ጎማዎች ደግሞ መኪናው ከሚዞርበት አቅጣጫ በተቃራኒ ተመልሰው ሳለ፣ መታጠፊያውን ከመግቢያው እስከ መውጫው ሚዛኑን ጠብቆ እየተንሸራተተ የሚያልፍበት የአነዳድ ጥበብ ነው። ከሩቅ ለሚመለከተው ሰው የጭሱ ብዛትና የጎማው ጩኸት የእብደት ሥራ ያስመስሉታል፤ ቀርቦ ለመረመረው ግን ከድፍረት ይልቅ ትዕግሥትን፣ ከሞተር ጉልበትም ይልቅ የእግርንና የእጅን ተግሣጽ የሚጠይቅ ትምህርት ሆኖ ይገኛል።

መኪና መንሸራተቱ መኪና ከተፈለሰፈ ጀምሮ የነበረ ነገር ሲሆን፣ መንሸራተትን ራሱን እንደ ግብ ቈጥሮ በሥርዓት ያስተማረችው አገር ጃፓን ናት። በ1961 ዓ.ም. (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው) በዓለም ሻምፒዮና የሞተር ብስክሌት ውድድር ከጃፓናውያን ሁሉ ቀድሞ ድል ያደረገው ኩኒሚትሱ ታካሃሺ፣ ኋላ ወደ መኪና ውድድር ተሻግሮ፣ በ1970ዎቹ መታጠፊያዎችን በብርቱ ፍጥነት እየገባና መኪናውን እያንሸራተተ እየወጣ ተመልካቹን ያስደንቅ ነበር። ከአድናቂዎቹ አንዱ የነበረው፣ በ1956 ዓ.ም. በናጋኖ የተወለደው ኬይቺ ጹቺያ ይህንኑ ዘዴ በተራራ መንገዶች ላይ ለራሱ ተለማምዶ፣ በ1987 ዓ.ም. «ፕለስፒ» በተባለ የቪዲዮ ፊልም ባሳየ ጊዜ፣ ጥበቡ ከጥቂት የሌሊት ነጂዎች ወጥቶ በመላ ጃፓን ተሰማ፤ እርሱም እስከ ዛሬ «የድሪፍት ንጉሥ» እየተባለ ይጠራል። ከዚያ በኋላ በ1995 ዓ.ም. መታተም የጀመረው «ኢኒሻል ዲ» የተሰኘው የሥዕል ልብ ወለድ ስሙን ለወጣቱ አደረሰው፤ በ2000ዎቹ መባቻ በጃፓን ዲ-ዋን ግራንድ ፕሪ፣ በ2004 ዓ.ም. በአሜሪካ ፎርሙላ ድሪፍት የተባሉት ውድድሮች ተጀመሩ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ዓለም አቀፉ የመኪና ስፖርት ማኅበር በቶኪዮ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ የድሪፍት ዋንጫ አዘጋጀ። በእነዚህ ውድድሮች የሚፈርደው የሰዓት ቈጣሪ መሣሪያ ሳይሆን ዳኛ ነው፤ እርሱም የመግቢያውን ፍጥነት፣ የመንሸራተቻውን ማዕዘንና መኪናው የተከተለውን መስመር መርምሮ ነጥብ ይሰጣል።

የጥበቡ ምሥጢር ያለው መኪናውን ከመሬት በሚያገናኙት አራት የመዳፍ ስፋት ባላቸው የጎማ ገጾች ላይ ነው። እያንዳንዱ ጎማ መሬት የሚይዝበት ኃይል ወሰን አለው፤ ይህም ኃይል እንደ ወር ደመወዝ ነው፣ ለአንዱ ጉዳይ የወጣው ለሌላው አይተርፍም። መኪናውን ወደፊት ለመግፋት ወይም ለማቆም የዋለው ኃይል፣ መኪናው ወደ ጎን እንዳይሸሽ ሊከለክል አይችልም። በኋላ ጎማ በሚገፋ መኪና የፊት ጎማዎች መሪውን ብቻ ሲታዘዙ፣ የኋላዎቹ የሞተሩን ጉልበት ስለሚሸከሙ፣ ነጂው በመታጠፊያ ውስጥ ሳለ ነዳጁን አጠንክሮ ቢረግጥ የኋላ ጎማዎች ኃይላቸውን በመሽከርከር ይጨርሱና ጅራቱ ወደ ውጭ ይወጣል። በፊት ጎማ በሚጎተት መኪና ላይ ይኸው አረጋገጥ የመኪናውን ፊት ከመታጠፊያው ወደ ውጭ ያወጣዋል እንጂ ጅራቱን አያንቀሳቅሰውም፤ በእጅ ፍሬን ጅራቱን ለጊዜው ማንሸራተት ቢቻልም እንኳ በነዳጅ ይዞ ማቆየት አይቻልም። የመኪናው ክብደትም ከዚህ ጋር ይሠራል፤ ነጂው ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ተላልፎ የኋላ ጎማዎች ይቀልላሉ፣ ነዳጅ ሲሰጥ ደግሞ ወደ ኋላ ይመለሳል። ልምድ ያለው ነጂ ጅራቱን የሚያስነሣው ብዙ ጊዜ በዚህ የክብደት መተላለፍ ነው፤ ጉልበተኛ ሞተር የሌለው ሰው የሚያጣው ነገር ጥቂት የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

ስለ መኪናው ምርጫ ብዙ የተባለና የተጋነነ ነገር አለ። ጹቺያ ዝናውን ያተረፈባት፣ ከ1983 እስከ 1987 ዓ.ም. የተሠራችው ቶዮታ ኤ ኢ 86፣ ሞተርዋ 1.6 ሊትር፣ ጉልበትዋ በጃፓን አለካክ 130 የፈረስ ጉልበት፣ ክብደትዋም ከ10 ኩንታል ያነሰ ነበር፤ የዚያው ትውልድ ሌሎች ኮሮላዎች ወደ ፊት ጎማ ሲዛወሩ እርስዋ በኋላ ጎማ መገፋትዋን ሳትተው ቀረች። ኋላ ላይ ኒሳን ሲልቪያ፣ ማዝዳ ኤም ኤክስ 5 እና የቢ ኤም ደብልዩ ትንንሽ መኪናዎች ለተማሪዎች የተለመዱ ሆኑ። ለአዲስ አበባ አንባቢ ቅርብ የሆነ ምሳሌ ቢያስፈልግ፣ በሰማያዊና ነጭ ቀለም ታክሲ ሆነው ያገለገሉት የድሮዎቹ ላዳዎች በኋላ ጎማ የሚገፉ ናቸውና፣ በክረምት ዝናብ ጅራታቸው የሚሸሸው በዚሁ ሕግ ነው። ቀላል ክብደት፣ መካከለኛ ጉልበት፣ በእጅ የሚቀየር ካምቢዮና በሽቦ የሚሳብ የእጅ ፍሬን ያለው መኪና ለጀማሪው ይበቃዋል፤ ባለ 400 የፈረስ ጉልበት መኪና ይዞ የሚጀምር ሰው ጎማ መጨረስን ይማራል፣ መኪና መግራትን ግን አይማርም።

ከመኪናው ዕቃዎች ሁሉ ይልቅ ሊመረመር የሚገባው ዲፍረንሻሌው ነው። ተራ ዲፍረንሻሌ የሞተሩን ኃይል መሬት መያዝ ላቃተው ጎማ ስለሚያሳልፍ፣ በመታጠፊያ ውስጥ ክብደት የቀለለው የውስጥ ጎማ ብቻውን እየተሽከረከረ ጭስ ያወጣል፣ መኪናውም መንሸራተቱን በመካከል ያቋርጣል። ሁለቱን ጎማዎች ወደ እኩል ዙር የሚያስገድደው ልዩ ዲፍረንሻሌ ይህን ችግር ያስወግዳል። ገንዘብ የሌላቸው ተማሪዎች ጥርሶቹን በብየዳ ያጣብቋቸዋል፤ ዘዴው ርካሽና በሜዳ ላይ የሚሠራ ሲሆን፣ እንዲህ የተበየደ መኪና በከተማ ጠባብ መታጠፊያ ጎማውን ይፈጫል፣ በእርጥብ መንገድም ባልታሰበ ጊዜ ይንሸራተታል፣ ስለዚህም ለዕለት ሥራ የሚውል መኪና ባይበየድ ይመረጣል። አዲስ ዘመን መኪና ላይ የሚገኘው የመንሸራተት መከላከያ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያም ካልተዘጋ ነዳጁን በራሱ ሥልጣን እየቀነሰ ተማሪውን ግራ ያጋባዋል።

የጀማሪው የመጀመሪያ መምህር ውኃ ነው። በእርጥብ አስፋልት ላይ ጎማው በዝቅተኛ ፍጥነት ስለሚንሸራተት ስሕተት ሁሉ በቀስታ ይፈጸማል፣ ተማሪውም የሆነውን ነገር ለማስተዋል ፋታ ያገኛል፤ ጎማውም አይግልም፣ ቶሎም አያልቅም። የውኃ ጥቅም ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ የሚሻ፣ በ2017 ዓ.ም. በአሜሪካ በሳውዝ ካሮላይና አንድ የቢ ኤም ደብልዩ የአነዳድ መምህር ውኃ በሚረጭበት ክብ ሜዳ ላይ ለ8 ሰዓት ያለማቋረጥ እየተንሸራተተ 374 ኪሎ ሜትር ያህል መሄዱን፣ ነዳጁንም ከጎኑ እየተንሸራተተ ከሚሄድ ሌላ መኪና መቀበሉን ያስታውስ። ሜዳው ሰፊ፣ የተዘጋ፣ ከግንብና ከመብራት ምሰሶ የራቀ መሆን አለበት። በጃፓን ለዚህ ትምህርት ስመ ጥር የሆነው በፉኩሺማ ያለው የኤቢሱ ሜዳ ነው፤ ከልዩ ልዩ አገር የሚመጡ ተማሪዎች ሰነባብተው የሚማሩበት ይህ ስፍራ በአንድ ኮረብታ ላይ ከአራዊት መጠበቂያ ጋር ጎረቤት ስለሆነ፣ አንበሶቹ የጎማን ጩኸት ለምደውት ይኖራሉ ማለት ነው።

ልምምዱ የሚጀመረው በክብ ነው። ተማሪው በሜዳው መካከል አንድ ኮን አቁሞ፣ በአንደኛ ማርሽ መሪውን ወደ አንድ ወገን አጥፎ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ከዚያም ነዳጁን በአንድ ጊዜ ጠንከር አድርጎ ይሰጥና ጅራቱ ሲወጣ ይሰማዋል። በዚህ ጊዜ የሚማረው የእግርን ነገር ነው፤ ነዳጁ ሲበዛ መኪናው በራሱ ዙሪያ ይዞራል፣ ሲያንስ ጎማዎቹ መሬት ይይዙና መንሸራተቱ ይቆማል፣ በሁለቱ መካከል ያለው ጠባብ ስፍራ የእግር ጣት እንጂ የእግር ጉልበት የሚያገኘው አይደለም። ሁሉም ሰው ቀኙ ወይም ግራው ይቀናዋልና፣ ያልቀናውን ወገን አብልጦ መለማመድ ይገባል። ክቡ በተረጋጋ ጊዜ ይሰፋል፤ ሁለተኛ ማርሽ ይገባል፤ ያን ጊዜ መሪውን ጅራቱ ወደሚሄድበት ወገን መመለስ የግድ ይሆናል።

ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ፍርሃት እጅን መሪው ላይ ያጣብቀዋል። የፊት ጎማዎች አሠራር እንዲህ ነው፤ ጅራቱ በወጣ ጊዜ መኪናው በእውነት ወደሚጓዝበት አቅጣጫ በገዛ ጠባያቸው ሊዞሩ ይወዳሉ፤ ስለዚህ ልምድ ያለው ነጂ መያዣውን አላልቶ መሪው በመዳፎቹ መካከል እንዲሮጥ ይፈቅድለታል፣ በሚገባው ስፍራም ያዝ ያደርገዋል። መሪውን እጅ በእጅ እየተቀባበለ ሊያዞር የሚሞክር ጀማሪ ዘወትር ይዘገያል። ዓይንም የራሱ ሥራ አለው፤ ሰው ወደሚያየው ስፍራ ይነዳልና፣ የሚፈራውን ግንብ ትቶ መውጫውን በጎን መስኮት በኩል ሳይቀር መመልከት አለበት።

ከክቡ ቀጥሎ የሚመጣው የስምንት ቅርጽ ነው፤ በእኔ ፍርድ የጀማሪው ትምህርት ሁሉ ልብ ይህ ነው። ሁለት ኮኖች ተራርቀው ይቆሙና፣ ተማሪው አንዱን በቀኝ ዞሮ ሳይቋረጥ ወደ ሌላው በግራ ይሻገራል። በሽግግሩ ጊዜ ነዳጁን ለአፍታ ሲያነሣ ክብደቱ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ይወዛወዛል፣ ጅራቱም ወደ ተቃራኒው ወገን ይጣላል፤ መሪው ቶሎ መመለስ፣ ነዳጁም እንደገና መሰጠት ይኖርበታል። ይህን ያወቀ ሰው የድሪፍትን አብዛኛውን ነገር አውቋል፤ ይህን ዘሎ ወደ ፈጣን መታጠፊያ የሮጠ ሰው ግን ከኮን ይልቅ ግንብ እየመታ የሚማር ይሆናል።

መታጠፊያ ለመግባት ያሉት ዘዴዎች ብዙ ቢሆኑም ለጀማሪው የእጅ ፍሬን ይቀድማል፤ ፍሪሲዮኑን ረግጦ፣ መሪውን ወደ መታጠፊያው ጥቂት አጥፎ፣ የእጅ ፍሬኑን ለአፍታ ስቦ ይለቃል፣ ጅራቱ ሲነሣም ፍሪሲዮኑን ለቅቆ ነዳጅ ይሰጣል። ፍሪሲዮኑን በነዳጅ ላይ ሳለ በፍጥነት ረግጦ በመልቀቅ የኋላ ጎማዎችን በድንገት ማስነሣትም ይቻላል፤ ይህ ለደካማ ሞተር የሚረዳ ሲሆን ካምቢዮውንና ዲፍረንሻሌውን ያደክማል። መሪውን አስቀድሞ ከመታጠፊያው በተቃራኒ አጥፎ ወዲያው ወደ መታጠፊያው የመመለሱ ዘዴ ግን የስምንቱን ቅርጽ ለተማረ ሰው የተጠበቀ ነው።

ሁለት አደጋዎች ተለይተው መታወቅ አለባቸው። አንደኛው መኪናው ከልክ በላይ ዞሮ ፊቱን ወደ ኋላ ማድረጉ ሲሆን፣ ይህ በሰፊ ሜዳ ላይ ከማሳፈር አያልፍም፤ መዳኛውም ፍሪሲዮኑንና ፍሬኑን አንድ ላይ እስከ መጨረሻው ረግጦ መኪናው እስኪቆም መጠበቅ ነው። ሁለተኛው የከፋ ነው፤ ተማሪው መሪውን በተቃራኒ አጥፎ ሳለ ደንግጦ እግሩን ከነዳጁ በድንገት ቢያነሣ፣ የኋላ ጎማዎች በቅጽበት መሬት ይይዛሉ፣ መኪናውም የፊት ጎማዎች ወደሚያመለክቱበት ወደ መታጠፊያው ውጭ ተስፈንጥሮ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት መምህራን ከሁሉ አስቀድመው «ነዳጁን ቀስ ብለህ መልስ» የሚለውን ትእዛዝ ያስተምራሉ።

ይህ ሁሉ ትምህርት ከሕዝብ መንገድ ውጭ የሚደረግ ነው። በሳዑዲ ዓረቢያና በባሕረ ሰላጤው አገሮች «ተፍሒጥ» የተባለው በአውራ ጎዳና ላይ የሚደረገው የመንሸራተት ጨዋታ ስንት ወጣት እንደቀጠፈ የታወቀ ነው፤ የሳዑዲ ሕግም ለመጀመሪያ ጥፋት 20,000 ሪያል መቀጫና መኪናውን ለ15 ቀን መያዝን ይደነግጋል፣ ጥፋቱ በተደገመ ቁጥር ቅጣቱ ይከብዳል። በዚያ አገር ለሥራ ያለ ኢትዮጵያዊ ወጣት ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

ወጪውን በተመለከተ የትምህርቱ ዋነኛ ዕዳ የኋላ ጎማ ነው። ለፊት ጎማዎች መልካሙንና አዲሱን፣ ለኋላዎቹ ከጎሚስታ በርካሽ የሚገኘውን፣ ሽቦው ያልወጣውንና ያልተሰነጠቀውን ያገለገለ ጎማ ማድረግ የተለመደ ነው። ጀማሪው ገንዘቡን ለሞተር ማጎልመሻ ከማውጣቱ በፊት የራስ ቁር፣ አካሉን የሚይዝ መቀመጫና መልካም የደኅንነት ቀበቶ ይግዛ፤ ፍሬኑንና የመሪውን መጋጠሚያዎች ለመካኒክ ያስመርምር፤ የቀረውን ለሜዳ ኪራይና ለጎማ ያውለው።