ዟሪ መም፦ «የመሮጫ ማሽን» ለምንለው ዕቃ የተሻለ ስም

ኮዬ ፈጬ ካሉት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች በአንዱ፣ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ሳሎን ውስጥ ትሬድሚል ገባ እንበል። ሶፋውና ቡፌው ግድግዳውን አስቀድመው ይዘውታል። የተረፈው ቦታ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ያለው ብቻ ስለሆነ ዕቃው ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ፣ ጀርባውን ወደ ሶፋው ሰጥቶ ይቆማል፤ ከኋላው የሚቀረው ክፍተት አንድ ክንድ ቢሆን ነው። ሻጩ «ትሬድሚል» ብሎ ሸጦታል፣ ቤተሰቡ «የመሮጫ ማሽን» ይለዋል። በመጀመሪያው ሳምንት እንደ ስሙ ይሮጥበታል፤ በሁለተኛው ወር ልብስ ይሰጣበታል። ይህን ሁሉ በስንፍና ማሳበብ ቀላል ነው፤ እኔ ግን ስሙም የራሱ ጥፋት አለበት ባይ ነኝ። «የመሮጫ ማሽን» የሚለው ስያሜ ዕቃው ምን እንደሆነ አይነግረንም፤ ምን እንድናደርግበት ያዘናል። የሚያዘውም ለአብዛኛው ባለቤት የማይበጀውን ነው። «ዟሪ መም» ብንለው ግን ሁለቱ ቃላት ዕቃውን እንዴት መጠቀም፣ ከምኑም መጠንቀቅ እንዳለብን በአጭሩ ይነግሩናል።

የእንግሊዝኛው ስም ከሁለት ቃላት የተገጠመ ነው፤ አንዱ መርገጥ፣ ሌላው ወፍጮ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1818 ዊልያም ኪዩቢት የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በቤሪ ሴንት ኤድመንድስ ወህኒ ቤት ለእስረኞች ቅጣት የሚሆን ትልቅ መሽከርከሪያ አሠራ። እስረኞቹ ከፊታቸው ያለውን አግዳሚ እንጨት ይዘው ጎን ለጎን ይቆሙና፣ የማያልቅ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው መሽከርከሪያውን ይረግጡታል። አንዳንዱ ቦታ እህል ይፈጭበታል፣ አንዳንዱ ቦታ ውሃ ይሳብበታል፣ ሌላው ቦታ ደግሞ ለምንም ሳይሆን ለድካሙ ብቻ ይዞራል። ለእኛ የሚቀርበን ምስል የአውድማ በሬ ነው፤ እህሉን እያበራየ ሲዞር ይውላል፣ ሲመሽም ከጀመረበት አልራቀም። መሣሪያው ከወህኒ ወጥቶ ሐኪም ቤት የገባው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው፤ ሮበርት ብሩስ የተባለው የልብ ሐኪምና ዌይን ኩዊንተን የተባለው መሐንዲስ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የልብን አቅም ለመመርመር ተጠቀሙበት። ወደ መኖሪያ ቤት የመጣው ደግሞ በ1960ዎቹ ማብቂያ ነው፤ ዊልያም ስታውብ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ፣ ዶክተር ኬኔት ኩፐር በ1968 ስለ አካል እንቅስቃሴ ያሳተመውን መጽሐፍ ካነበበ በኋላ ለቤት የሚሆነውን ሠራ። በዚህ ሁሉ ጉዞ ወፍጮው ከእንግሊዝኛው ስም ላይ አልወረደም። እኛ ቃል በቃል ብንመልሰው ሰሚውን ወፍጮ ቤት እንልከዋለን፤ ስለዚህ ትርጉም የሚባለው መንገድ ከመነሻው ዝግ ነው።

አማርኛ መሣሪያን የሚሰይምበት የራሱ ዘዴ አለው። ግሡ ላይ «መ» ይጨምርና መቁረጫ፣ መጥረጊያ፣ መፍጫ ይላል፤ ወይም የስፌት መኪና፣ የጽሕፈት መኪና እንደምንለው ሥራውን ከመኪና ጋር ያጣምራል። «የመሮጫ ማሽን» የተገኘው በዚሁ መንገድ ነው፣ በቋንቋው ሕግ እንከን አይወጣለትም። ችግሩ መጥረጊያ ለመጥረግ ብቻ ሲሆን ይህ ዕቃ ግን ለሩጫ ብቻ አለመሆኑ ነው። መም የሚለውን ቃል የአትሌቲክስ ዘጋቢዎች አስለምደውናል፤ አንዱ ዙር 400 ሜትር የሆነው የስታዲየም መሮጫ መም ነው፣ «የመም ውድድር» ሲባልም ሁላችንም እንረዳለን። መም ፍጥነት አይወስንም። በዚያው መም ላይ የ10 ሺህ ሜትር ሯጭ ይፈተለክበታል፣ የእርምጃ ውድድር ተወዳዳሪም ይራመድበታል። ቃሉ ቦታን ይሰይማል፣ በቦታው ላይ የሚሆነውን ለባለቤቱ ይተዋል። «ዟሪ» ደግሞ ይህ መም ከስታዲየሙ የሚለይበትን አንድ ነገር ይነግረናል፤ እዚያ ሰው በመሙ ላይ ይዞራል፣ እዚህ መሙ ራሱ ከሰው እግር ሥር ይዞራል።

ሩጫን ከስሙ ማውጣት ለምን ያስፈልጋል? የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ የሚጠቀምበትን የታወቀ ስሌት እንመልከት። አንድ ሰው በደልዳላ መም ላይ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ሲራመድ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቱ በደቂቃ 12 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክስጅን ይጠቀማል። ፍጥነቱን ሳይነካ መሙን 5 በመቶ ዳገት ቢያደርገው፣ ማለትም በየ100 ሜትሩ 5 ሜትር ሽቅብ እንደመውጣት፣ ፍጆታው ወደ 19 ሚሊ ሊትር ያድጋል። ዳገቱን 12 በመቶ ሲያደርሰው 30 ገደማ ይሆናል። በደልዳላው ላይ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው የሚጠቀመውም 30 ገደማ ነው። ልብና ሳንባ ያው ሥራ ይሠራሉ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ላይ ነው። በሩጫ እያንዳንዱ እርምጃ ሲያርፍ የክብደታችንን ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ የሚደርስ ጫና አለው፤ በእርምጃ ጊዜ ግን ጫናው ከክብደታችን ብዙም አይበልጥም። ቀኑን ወንበር ላይ ውሎ፣ ሁለት ሰዓት ታክሲና አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ ወደ ኮዬ ፈጬ ለተመለሰ ሰው ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም። ሐኪሞቹም ነገሩን ቀድመው ያወቁት ይመስላል። በብሩስ ስም የሚጠራው የልብ ምርመራ የሚጀምረው በሰዓት 2.7 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ዳገቱ ግን 10 በመቶ ነው። በየሦስት ደቂቃው ሁለቱም ይጨምራሉ፤ በሦስተኛው ደረጃ 5.5 ኪሎ ሜትርና 14 በመቶ ይደርሳሉ። ተመርማሪው ዘጠኝ ደቂቃ ሙሉ አንዴም ሳይሮጥ ልቡ አቅሙን ያሳያል።

እዚህ ላይ የከፍታችን ጉዳይ ይነሳል። ኮዬ ፈጬ እንደ አዲስ አበባ ሁሉ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ በዚህ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው ከአምስት አንድ እጅ ያህል ያንሳል። እዚሁ የኖረ ሰው ለምዶታል፣ ነገር ግን ለምዶትም ቢሆን የጉልበቱ ጣሪያ ዝቅ ይላል። ከዕቃው ጋር የሚመጣው መመሪያ ወይም ስክሪኑ ላይ የተጫነው ፕሮግራም ይህን አያውቅም፤ ስለዚህ «ጀማሪ፣ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር» ቢል ትእዛዝ ተደርጎ አይወሰድ። ሯጮች ዘንድ የተለመደ ሌላም ምክር አለ፤ በቤት ውስጥ ነፋስ ስለሌለ ለማካካሻ መሙን 1 በመቶ ዳገት አድርጉ ይላል። ምክሩ እ.ኤ.አ. በ1996 ጆንስና ዳውስት ካሳተሙት ጥናት የመጣ ነው፣ እውነትም ነው፤ ግን የተለካው በሰዓት ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ በሚሮጡ ሰዎች ላይ ነው። ለሚራመድ ሰው ነፋሱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፣ የእኛ አየር ደግሞ ከመነሻው ስስ ነው። ከሁሉ የሚሻለው መለኪያ ወሬ ነው። እየተራመዱ ከቤተሰብ ጋር ዓረፍተ ነገር ሳይቆርጡ ማውራት ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃተዎት፣ ልኩ ላይ ነዎት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ የሚመክረው ይህን ዓይነቱን መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ ዝቅተኛው ለአምስት ቀን ሲከፈል በቀን ግማሽ ሰዓት ይመጣል። የመጀመሪያዎቹና የመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች በዝግታ፣ በደልዳላ ይሁኑ። ዳገቱ በየሳምንቱ አንድ በመቶ ቢጨምር ይበቃል። እጀታውን ሙጭጭ ብሎ ይዞ ዳገት መውጣት ግን ራስን ማታለል ነው፤ ክብደቱን እጅ ስለሚሸከመው ስክሪኑ የሚያሳየው ቁጥር ውሸት ይሆናል። መያዝ ካስፈለገ ዳገቱ በዝቷል።

ወደ «ዟሪ» እንምጣ፤ አደጋው ያለው እዚህ ቃል ውስጥ ነው። የሚዞረው ላስቲክ፣ መካኒኮቻችን ቺንጋ የሚሉት ዓይነት፣ ከፊት ወጥቶ ከኋላ ወደ ሥር ይገባል። ወደ ሥር የሚገባበት ቦታ የሕፃን እጅ፣ የነጠላ ጫፍ፣ ኳስ ወይም ድመት ያገኘ እንደሆነ ይዞ ይስባል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2021 ፔሎተን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አንድ ሕፃን ከሞተና ብዙ ሰዎች ከተጎዱ በኋላ 125,000 ያህል ማሽኖቹን ከገበያ ለመመለስ ተገድዷል፤ ዋናው ችግር ልጆችና ዕቃዎች ከኋላ በኩል ወደ ሥር መሳባቸው ነበር። መጀመሪያ ላይ ያየነው ሳሎን ስህተቱ ይኸው ነው። ከኋላ ሁለት ሜትር፣ ከጎንና ከጎን ደግሞ ግማሽ ግማሽ ሜትር ባዶ ቦታ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ እግሩ የከዳው ሰው በመሙና በሶፋው መካከል ተጣብቆ ላስቲኩ ቆዳውን ይልጠዋል። ሶፋውን ማዞር ከባድ አይደለም፣ ቴሌቪዥኑም ትንሽ በጎን ቢታይ አይጎዳም። ሲጀመር ላስቲኩ ላይ ሳይሆን ግራና ቀኝ ባሉት የማይንቀሳቀሱ ጠርዞች ላይ ቆሞ ማስነሳት፤ ከዕቃው ጋር የሚመጣውን ባለ ገመድ ቁልፍ ልብስ ላይ መቆንጠጥ። ይህ ቁልፍ ብዙ ቤት ሳይነካ የሚቀመጥ ጌጥ ሆኗል፤ ሥራው ግን ሰውየው ወደ ኋላ ሲንሸራተት ተነቅሎ መሙን ማቆም ነው። ተራምዶ ሲያበቃም ነቅሎ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ማስቀመጥ። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ደግሞ ተጨማሪ ምክንያት አለ። መሙ ከእግር ሥር በድንገት ሲቆም የሚሮጠው ሰው ወደ ፊት ይወረወራል፣ የሚራመደው ግን አንድ ሁለት እርምጃ ተንገዳግዶ ይቆማል። ሞተሩ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ሶኬቱ የመሬት ሽቦ ያለው፣ ለብቻው የሆነ ይሁን፤ ከፍሪጅና ከምጣድ ጋር በአንድ ማከፋፈያ ላይ አይሰካ።

የታችኛው ፎቅ ጎረቤትም አለ። የኮንዶሚኒየም ወለል ድምፅ አሳልፎ እንደሚሰጥ የማያውቅ ነዋሪ የለም፤ ከላይ ቡና ሲወቀጥ ከታች ይሰማል። የሯጭ እግር ዱካ ከዚያ የባሰ ነው። ከሥሩ ወፍራም ጎማ ማንጠፍ ይረዳል፣ መራመድ ግን የበለጠ ይረዳል።

ተቃውሞዎቹን አውቃቸዋለሁ። «ትሬድሚል» ለምን አይበቃም? ለሱቅ ይበቃል፣ ማንም ቢለው አልከለክልም፤ ግን ምንም የማይነግር ስም ለተጠቃሚ መመሪያ አይሆንም፣ ቴሌቪዥንን ቴሌቪዥን ማለታችን ማንንም አይጎዳም፣ ይህ ግን ጣት የሚበላ ዕቃ ነው። መንገዱ በነጻ እያለ ምን አቀበጠን የሚሉም አሉ። እውነት አላቸው፤ መንገድ የተመቸው ሰው መም አያስፈልገውም። ነገር ግን ክረምት ሲገባ የአቃቂ ሜዳ ጥቁር አፈር ጫማ ይውጣል፣ በበጋ አቧራው ዓይን አያስገልጥም፣ ሰው ከሥራ የሚመለሰው መሽቶ ነው፣ ትንሽ ልጅ ብቻውን ትቶ መውጣትም አይቻልም። የሦስተኛው ተቃውሞ ባለቤቶች ሯጮች ናቸው፤ እኛ በሩጫ የምንታወቅ ሕዝብ ሆነን ሩጫን ከስም እንሰርዝ? አልሰረዝነውም፤ መም ላይ ሮጦ የሚያውቅ ይሩጥ፣ ቃሉ አይከለክለውም። የቀረው የመጨረሻው ተቃውሞ ከሁሉ ያስቀኛል። «ዟሪ» ለሰው ሲባል ስድብ ቢጤ ነው፣ ቤቱ የማይቀመጥ እንደማለት። «ተሽከርካሪ» እንዳልል ግን መኪና ወስዶታል፣ «ተንሸራታች» ደግሞ ሰሚውን ገና ሳይወጣበት ያስወድቀዋል። ለመሙ ስድብነቱ አያሳፍረውም፤ ይልቁንም ቀኑን ሙሉ ዞሮ ከሳሎን የማይወጣ ብቸኛው ዟሪ እሱ ነው።

ርካሾቹ ዓይነቶች ዳገት የላቸውም። እንዲህ ያለውን ገዝተው ከሆነ ከፊት እግሩ ሥር ጣውላ አይሰኩ፣ ይናጋልና፤ በደልዳላው ላይ ትንሽ ፈጠን ብለው ጊዜውን ያርዝሙት። ገና ያልገዙ ከሆነ ግን ሻጩ ስለ ከፍተኛ ፍጥነቱ ሲያወራልዎት አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ «ዳገቱ ስንት በመቶ ይደርሳል?»