ለቴአትር ሲባል የተገደሉ ሰዎች

በ1949 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ፔንግዊንና ኮሊንስ የሚባሉት የእንግሊዝ አሳታሚዎች ተስማምተው የአንዲት ደራሲ አሥር መጻሕፍት በአንድ ጊዜ ለገበያ አወጡ፤ እያንዳንዱን በ100,000 ቅጂ። ደምሩት፣ አንድ ሚሊዮን ነው። ደራሲዋስ በዚያው ዓመት ምን ስትሠራ ነበር? የኒውዚላንድ የኮሌጅ ተማሪዎችን ሰብስባ ባሕር ተሻግራ አውስትራሊያ ውስጥ ኦቴሎን ታሳይ ነበር።

ናዮ ማርሽ ትባላለች። አጋታ ክሪስቲን ብዙዎቻችን እናውቃታለን፤ ሼርሎክ ሆምስንማ ማን ይረሳል። የማርሽ ስም ግን እኛ ዘንድ እምብዛም አይነሳም። ክሪስቲ፣ ዶሮቲ ሴየርስ፣ ማርጀሪ አሊንግሃምና እሷ የእንግሊዝኛ የወንጀል ልቦለድ አራቱ ንግሥቶች ይባላሉ፤ ከአራቱ እንግሊዛዊት ያልሆነችው እሷ ብቻ ናት። 32 የመርማሪ ልቦለዶች ጽፋለች። በሁሉም ወንጀሉን የሚፈታው ያው አንድ ሰው ነው፣ የስኮትላንድ ያርዱ ሮደሪክ አለን። ስሙን ያገኘችው ከየት ይመስላችኋል? በሼክስፒር ዘመን ከኖረው ተዋናይ ከኤድዋርድ አለን። ፖሊሱ ሳይቀር የመጣው ከመድረክ ነው ማለት ነው።

የተወለደችው በ1895 ክራይስትቸርች ውስጥ ነው። የባንክ ጸሐፊ የነበረው አባቷ ልደቷን ያስመዘገበው ግን በ1900 ስለሆነ አንዳንድ መጽሐፍ 1899 ይላል። የመርማሪ ፈጣሪ ሆና የራሷ የልደት ወረቀት እንቆቅልሽ መሆኑ ያስቃል። ናዮ የሚለው ስም በማኦሪ ቋንቋ የአንድ አገር በቀል ዛፍ መጠሪያ ነው። እናትና አባቷ በትርፍ ጊዜያቸው ቴአትር ይሠሩ ነበር። እሷም ሥዕል ተማረች፤ ከዚያ ከ1919 ጀምሮ አለን ዊልኪ ከሚባል የሼክስፒር ቡድን መሪ ጋር በተዋናይነት አገር ለአገር ዞረች። በ1920ዎቹ መጨረሻ ለንደን ገባች፤ እዚያ እያለች፣ ራሷ እንደምትተርከው በአንድ ዝናባማ ቀን፣ ደብተርና እርሳስ ገዝታ የመጀመሪያ ልቦለዷን ጀመረች። በ1934 ታተመ።

አሁን ወደ ግድያዎቹ እንምጣ፤ እኔን የያዘኝ እሱ ነው። ገዳዮቹን አልነግራችሁም፣ አትፍሩ።

በ1935 ባሳተመችው ልቦለድ አንድ ተዋናይ መድረክ ላይ፣ ድርሰቱ በሚያዘው ቦታ፣ ጓደኛውን በሽጉጥ ይተኩሳል። በየምሽቱ የሚያደርገው ነገር ነው። የዚያን ምሽት ግን ጥይቱ እውነተኛ ነው። በ1937ቱ ደግሞ ኒውዚላንድን የሚዞር የእንግሊዝ ቡድን ለዋናዋ ተዋናይት ልደት መድረክ ላይ ግብዣ ያዘጋጃል። አንድ ግዙፍ የሻምፓኝ ጠርሙስ ከጣሪያ በገመድ ቀስ ብሎ እንዲወርድ ተሰናድቷል፤ ሚዛኑን የሚጠብቀው ክብደት ግን ተነስቷል። ጠርሙሱ የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ አናት ላይ ያርፋል። በ1939ኙ የገጠር አዳራሽ ውስጥ አማተሮች ቴአትር ሊያሳዩ ነው። ከመጋረጃው በፊት ፒያኖ ይመታል፤ ሙዚቃው የግራውን እግር መርገጫ ርገጪ ይላል፣ ሴትየዋ ትረግጣለች፣ ፒያኖው ውስጥ የተደበቀው ሽጉጥ ይተኩሳል።

እኔ ኮድ ጽፌ የምኖር ሰው ነኝ። አንድ ቁልፍ ሲነካ ሌላ ቦታ ላይ ሌላ ነገር እንዲፈጸም አድርጎ ማሰናዳት የዕለት እንጀራዬ ነው፤ እና እነዚህን ሳነብ በቃ ሥራዋን አውቅላታለሁ። በሦስቱም ገዳዩ በሰዓቱ ምንም አያደርግም። የሚያደርጉት ሌሎቹ ናቸው፤ ያጠኑትን፣ የተነገራቸውን፣ ሁሌም የሚያደርጉትን ነገር። ይሄ የቴአትር አዘጋጅ ሥራ ነው። አዘጋጅ ሁሉን አሰናድቶ ሲጨርስ፣ መጋረጃው ሲነሳ፣ እጁን አጣጥፎ ከኋላ ከመቆም ሌላ ሥራ የለውም። ማርሽ ገዳዮቿን ያሰበቻቸው በራሷ ሙያ ነው እላለሁ።

ሁሉም አልተማረከም። ኤድመንድ ዊልሰን የተባለው አሜሪካዊ ሐያሲ በ1945 የመርማሪ ልቦለዶችን ሲያብጠለጥል ያንን የፒያኖውን መጽሐፍ ለይቶ ወቅጦታል። እውነቱን ለመናገር መጽሐፎቿ ደካማ ጎን አላቸው። ግድያው እስኪፈጸም ድረስ ሰዎቹ ሕይወት አላቸው፤ ከዚያ በኋላ አለን አንድ በአንድ እየጠራ ሲጠይቅ መሐሉ ይንቀራፈፋል። የመደብ ኩራትም አለባት፣ ማኦሪዎችን የምትስልበት መንገድም ዛሬ ሲነበብ ይጎረብጣል።

በጦርነቱ ጊዜ ክራይስትቸርች ውስጥ ለቀይ መስቀል መኪና ትነዳ ነበር። በ1943 ደግሞ የካንተርበሪ ኮሌጅ ተማሪዎችን ይዛ በኮሌጁ ትንሽ ቴአትር ቤት ሃምሌትን በዘመኑ ልብስ አቀረበች። ሙዚቃውን የጻፈው ወጣቱ ዳግላስ ሊልበርን ነበር፣ ኋላ የኒውዚላንድ ሙዚቃ አባት የተባለው። በዓመቱ ኦቴሎ ተከተለ። እኛ ሃምሌትንና ኦቴሎን በጸጋዬ ገብረመድኅን አማርኛ ስላገኘናቸው የራሳችን ይመስሉናል፤ ከለንደን በመርከብ ሳምንታት በሚርቅ ከተማ ያሉ ተማሪዎችም የራሳቸው እንዲያደርጓቸው የለፋችው እሷ ናት። እንጀራዋ ግን ከመጻሕፍቱ ነበር። ጠርሙሱም፣ ፒያኖውም፣ ያ ሁሉ ሬሳ፣ የልምምዱን ጊዜ ነው የገዛላት።

ቴአትር ደግሞ አይቀመጥም። ሃምሌት የታየበት ቴአትር ቤት በ1953 ተቃጠለ። በ1951 ያቋቋመችው ሙያዊ ቡድን ብዙ ሳይቆይ ተበትኖ ነበር። በስሟ የተሰየመ የዩኒቨርሲቲ ቴአትር ቤት በ1967 ተከፈተላት፣ ከዓመት በፊትም ዴም ተብላለች። ያዘጋጀችው ሃምሌት ግን ካዩት ሰዎች ጋር አብሮ አለፈ፤ ዛሬ ገዝተን የምናነበው እሷ እንደ ሁለተኛ ሥራ ያየችውን ነው። በ1965 የሕይወት ታሪኳን ስታሳትም የመርማሪ ልቦለድ ወዳጆች ተከፉ፤ ስለ ልጅነቷና ስለ ቴአትር ብዙ፣ ስለ አለን ግን ጥቂት ብቻ ስላገኙበት።

የካቲት 1982 ክራይስትቸርች ውስጥ ስትሞት የመጨረሻውን ልቦለዷን ጨርሳ ነበር፤ በዚያው ዓመት ታተመ። ታሪኩ ለንደን ውስጥ ማክቤዝን ስለሚያዘጋጅ ሰው ነው። ጠንቋዮቹ የት ይቁሙ፣ የሰይፉ ፍልሚያ እንዴት ይጠና፣ ማን ከማን ተጣላ፣ ይሄ ሁሉ ገጽ በገጽ ይተረካል፤ ሬሳው የሚመጣው መጽሐፉ ከተጋመሰ ቆይቶ ነው። አለን ያን ምሽት አዳራሹ ውስጥ ተቀምጧል። ለሥራ አይደለም የመጣው፤ ቴአትር ሊያይ ነው።