ገላጋይ ያጣ ቁጣ፦ የመቅደላው ሰሙነ ሕማማት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምንኖር ብዙዎቻችን ከየሰፈራችን በዕጣ የተሰባሰብን ነን። ዕቃችንን ጭነን መጣን፤ ገላጋዮቻችንን ግን እዚያው ትተናቸው መጣን። በቀድሞው ሰፈር የጠብ ድምፅ ሲሰማ ጎረቤት ሳይጠራ ይገባ ነበር፤ የዕድሩ ዳኛ፣ የንስሐ አባት፣ የተከበሩ አንዲት እናት በመካከል ይቆሙ ነበር። ዛሬ በውኃ ተራ ወይም በመኪና ማቆሚያ ጠብ ሲነሣ ብዙው ሰው በሩን ይዘጋል። ስለ ቁጣ ስንማማርም የሚቆጣውን ሰው ብቻ መምከር ይቀናናል። ታሪካችን ግን በአጠገቡ ስለሚቆመውም ሰው የሚነግረን አለው።

በ1860 ዓ.ም. የትንሣኤ በዓል የዋለው ሚያዝያ 5 ቀን ነበር። የአሮጌ ውጊያ የተደረገው በዕለተ ስቅለት ሲሆን ዐፄ ቴዎድሮስ የሞቱት በትንሣኤ ማግሥት፣ በማዕዶት ሰኞ ነው። መጻሕፍት ቀኑን በቁጥር ብቻ ስለሚጽፉት የመቅደላ ፍጻሜ በሰሙነ ሕማማት መሆኑን ብዙዎቻችን ሳናስተውል እናልፋለን።

የንጉሡ ቁጣ ያለ ምክንያት አልተነሣም። በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በክርስቲያንነት ወዳጅነትን የሚጠይቅ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው ለንደን ደረሰ፤ መልስ የሚሰጠው ግን አልተገኘም። ለአንድ ንጉሠ ነገሥት ይህ ግልጽ ንቀት ነበር። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 4 ላይ ቁጣችን ከፀሐይ መግቢያ እንዳያልፍ ያስተምረናል። ይህኛው ቁጣ ግን ዓመታትን አሳለፈ። በ1856 ዓ.ም. ቆንስል ካሜሮን ታሰረ፤ የናቁት በለንደን ያሉ ሹማምንት ሆነው ሳለ እግር ብረቱ የገባው በእጅ በተገኘው ሰው እግር ነው። ንጉሡ በዐመፅ የተናደዱበትም ዘመን ነበርና በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ከነአብያተ ክርስቲያናቷ ተዘረፈች፣ ተቃጠለችም። ከጳጳሱ ከአቡነ ሰላማ ጋር የነበረው ጠብ የራሱ ረጅም ታሪክ አለው፤ እርሳቸውም በመቅደላ እንደ ታሰሩ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐረፉ።

ንጉሡ ቀድሞም ቍጡ ነበሩ፤ ነገር ግን «ይቆዩ ጃንሆይ» የሚላቸው ሰው ነበራቸው። እቴጌ ተዋበች ንጉሡን በማለዘብ ትታወቅ ነበር፤ በነሐሴ 1850 ዓ.ም. ዐረፈች። ወዳጃቸው ፕላውደን በ1852 ዓ.ም. በሽፍቶች እጅ ሞተ፤ ሊቀ መኳስ ጆን ቤልም ጥቂት ወራት ቆይቶ ንጉሡን ለማዳን ሲዋጋ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ በዙሪያቸው የቀረው በአብዛኛው የሚፈራ ሰው ነው። የሚፈራ ሰው ደግሞ አይገላግልም።

ሚያዝያ 2 ቀን ጸሎተ ሐሙስ ነበር፤ ካህናት ጌታችንን አብነት አድርገው የምእመናንን እግር የሚያጥቡበት ዕለት። ንጉሡ በዚያን ቀን ከመቅደላ ሥር፣ በእስላምጌ ሳሉ ከኢትዮጵያውያን እስረኞች ገሚሱን ፈቱ። ምሕረት ጀምረው ነበር ማለት ነው። ያልተፈቱት ርቧቸውና ጠምቷቸው ጮኹ። ጩኸቱ ሲሰማ ንጉሡ በቁጣ ተነሡ፤ ብዙዎቹ ተገደሉ፣ ወደ ገደልም ተወረወሩ። በአምባው የነበሩ አውሮፓውያን እስረኞች ንጉሡ ያን ጊዜ ጠጥተው እንደ ነበር ጽፈዋል። እነዚያ ምስኪኖች ስለ ለንደኑ ደብዳቤ ምን በደል ነበራቸው? በዚያ ሁሉ ሠራዊት መካከል የንጉሡን እጅ የያዘ ሰው አልተገኘም።

በማግሥቱ፣ በስቅለት፣ ፊታውራሪ ገብርዬና ብዙ ሠራዊት በአሮጌ ወደቁ።

ቅዳሜ፣ በቀዳም ሥዑር፣ ጄኔራል ናፒየር እጅዎን ይስጡ የሚል መልእክት ላከ። ከመኳንንቱ መካከል አውሮፓውያኑን እስረኞች ገድለን እንዋጋ ያሉ ነበሩ። ለመቆጣት ከሐሙሱ ይልቅ የሚበልጥ ምክንያት የነበረው በዚህ ቀን ነው። ንጉሡ በተስፋ መቍረጥ ሽጉጣቸውን ወደ ራሳቸው አዞሩ፤ አጠገባቸው የነበሩት ግን ተረባርበው ያዟቸው። ከዚያ በኋላ ዝም አሉ፤ የመኳንንቱንም ምክር አልተቀበሉም። እስረኞቹን ከዚያው ምሽት ጀምሮ በሰላም ሰደዱ። በዕለተ ትንሣኤም ለጠላት ሠራዊት የፍስክ ከብትና በግ ላኩ። ስጦታው ተቀባይነት ማጣቱን በሰሙ ጊዜ ግን የሆነውን ሁላችን እናውቃለን።

በእኔ እይታ የሐሙሱና የቅዳሜው ሰው አንድ ነው፤ ጠባዩም በሁለት ቀን አልተለወጠም። ቅዳሜ ግን ሞትን ሳይፈሩ እጃቸውን የያዙ ሰዎች ነበሩ፤ ያቺ ጥቂት ጊዜ እስረኞቹን ለማትረፍ በቃች። የንስሐ አባት መያዝም አንዱ ጥቅሙ ይኸው ነው። ኃጢአት ከተሠራ በኋላ ብቻ ሳይሆን፣ ደሙ በፈላ ሰዓት ስልክ ተደውሎለት «ልጄ፣ ዛሬ እደር፤ ነገ እንነጋገራለን» የሚል አባት ነው። ለቱሉ ዲምቱ ወጣቶች የምጠይቀው ስለዚህ ቀላል ነገር ነው፦ ከሚመጣው እሑድ ቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባት የሌለው ካህናቱን ቀርቦ ይያዝ፤ ያለውም ስልክ ቍጥራቸውን ይመዝግብ፤ በየደረጃችንም ጠብ ሲሰማ በሩን ከፍቶ የሚወጣው የመጀመሪያው ሰው ማን እንደሚሆን ከጎረቤቶቻችን ጋር እንነጋገር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።