ከጉልቻ እስከ ኮንዶሚኒየም፦ የምጣድ እሳት ታሪክ

ጋይንት ያለው የቤተ ልሔም ደብር የድጓ ማስመስከሪያ ነው። ከየአገሩ የመጣው ተማሪ አኩፋዳውን አንግቦ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ደጃፍ ለደጃፍ ዞሮ ባገኘው እንጀራ ዜማውን ተምሯል። የመምህራኑ ስም ሲወሳ ይኖራል፤ እንጀራውን በጭስ ታፍና የጋገረችው እናት ግን ታሪክ ጸሐፊ አላገኘችም።

ምጣድ በሦስት ጉልቻ ሲጣድ እሳቱ በየጎኑ ክፍት ነው። ነፋስ ነበልባሉን ይገፋዋል፤ ሸክላው የሚያገኘው ሙቀት ጥቂቱን ነው። ደኑ ሲመናመን የደጋው ሰው ኩበት ማንደድ ጀመረ፤ ለማሳው ይሆን የነበረው ፍግ አመድ ሆኖ ቀረ። አዲስ አበባም የማገዶ እጦት ስለጠናባት ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ያተረፋት ባሕር ዛፍ ነው።

በ1980ዎቹ አጋማሽ «ምርጥ» የተባለው ምድጃ መጣ። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራ፣ ምጣዱን ዙሪያውን ከብቦ እሳቱን የሚያፍን ነው። ከክፍት ጉልቻ አንጻር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል።

ከተሜው በኤሌክትሪክ ምጣድ ከጭሱ ተገላገለ፣ ከብክነቱ ግን አልዳነም። አንዱ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ ባለ 10 ዋት አምፖል ቢሆን 350 ያበራል። ሸክላ ሙቀት ቶሎ አያስተላልፍም፣ ስለዚህ የመጀመሪያው እንጀራ ሳይጋገር ብዙ ኃይል ይፈሳል። ከሥሩ በደንብ ያልተሸፈነ ምጣድ ደግሞ ወለሉንና ጠረጴዛውን ያሞቃል።

በ1990ዎቹ አጋማሽ በቦሌ ገርጂ የኮንዶሚኒየም ሙከራ ሲጀመር የነዋሪው ኑሮ ታስቦበት ነበር። በኋላም በየሕንጻዎቹ መካከል የጋራ ቤት ተሠራ፤ ለእርድ፣ ለልብስ ማጠቢያ፣ ለእንጀራ መጋገሪያ። ሐሳቡ ግሩም ነው፦ አንድ ጊዜ የጋለ ምጣድ ሳይቀዘቅዝ ተራ በተራ ቢጋገርበት፣ ማሞቂያው ኃይል ለብዙ ቤት ይከፋፈላል። ዛሬ ግን ለሌላ ሥራ የዋሉ የጋራ ቤቶች አሉ፤ ብዙው ነዋሪም በየኩሽናው ለየብቻው ምጣዱን ይሰካል።

ስለዚህ የሕንጻ ኮሚቴዎች ቆጣሪ ስለሚያስቆጥረው አምፖል ከመነጋገራቸው በፊት የጋራ መጋገሪያውን ቁልፍ ያስመልሱ፤ የምጣዱንም ሥር ያስሸፍኑ።