የፋሚኮም ምስል መዘበራረቅና ጥገናው

የፋሚኮም ምስል መዘበራረቅ በጃፓኑ ኒንቴንዶ ኩባንያ በተሠራው ፋሚሊ ኮምፒውተር (በአጭሩ ፋሚኮም)፣ በምዕራቡ ዓለም በተሸጠው አቻው ኒንቴንዶ ኢንተርቴይንመንት ሲስተም (ኤን.ኢ.ኤስ.) እና ከሁለቱ በተቀዱ ርካሽ የጌም ማሽኖች ላይ የሚታይ ብልሽት ነው። ማሽኑ ይበራል፤ ብዙ ጊዜ ሙዚቃውም ይሰማል። በቴሌቪዥኑ ላይ ግን ፊደላት ተቀያይረው፣ ሰማዩ በጡብ ቁርጥራጭ ተሞልቶ ወይም ገጸ ባሕርያቱ በቋሚ መስመሮች ተሸንሽነው ይታያሉ። መንስኤው ከቆሸሸ የካሴት ጥርስ እስከ ሞተ የምስል ቺፕ ሊደርስ ይችላል። የመጀመሪያው በጥጥና በአልኮል ይድናል፤ የሁለተኛው መለዋወጫ ግን መመረት ካቆመ ቆይቷል። ስለዚህ ካውያ ከመጋሉ በፊት የተዘበራረቀውን ምስል ማንበብ ያስፈልጋል፤ የብልሽቱን ቦታ በአብዛኛው የሚጠቁመው ምስሉ ራሱ ነው።

ታሪክ

ፋሚኮም በጃፓን ለገበያ የቀረበው ሐምሌ 8 ቀን 1975 ዓ.ም. (ጁላይ 15 ቀን 1983 እ.ኤ.አ.) ነው። የንድፍ ሥራውን የመሩት ኢንጂነር ማሳዩኪ ኡዌሙራ ነበሩ። ኤን.ኢ.ኤስ. በ1985 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በአውሮፓ ተሸጠ። ሁለቱ በድምሩ ወደ 62 ሚሊዮን ገደማ ተሽጠዋል። ኒንቴንዶ የፋሚኮምን ምርት በ2003 እ.ኤ.አ. አቆመ፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ደግሞ በጃፓን ይሰጥ የነበረውን የጥገና አገልግሎት በመለዋወጫ እጥረት ምክንያት ዘጋ። ከዚያ ወዲህ የተበላሸ ፋሚኮም ተስፋው የግል ጠጋኝ እና ከሌላ የሞተ ማሽን የሚነቀል ቺፕ ነው።

የማሽኑ ምስል አሠራር

በማሽኑ ውስጥ ሥራው በሁለት ቺፖች ተከፍሏል። አንደኛው ጨዋታውን የሚያስኬደውና ድምፁን የሚያወጣው ዋናው ቺፕ ነው። ሁለተኛው የምስል ቺፕ (ፒፒዩ) ሲሆን፣ ሁለቱንም የሠራው ሪኮ የተባለ የጃፓን ኩባንያ ነው። እያንዳንዳቸው የየራሳቸው 2 ኪሎባይት ማህደረ ትውስታ በቦርዱ ላይ አላቸው።

ስክሪኑ በጎን 256፣ ወደ ታች 240 ነጥቦች አሉት። የምስል ቺፑ ይህን ሁሉ ነጥብ አንድ በአንድ አያስታውስም፤ ለዚያ የሚበቃ ማህደረ ትውስታ በዚያ ዘመን ውድ ነበር። በምትኩ ዳራውን ሴራሚክ እንደተነጠፈ ወለል ይሠራዋል። እያንዳንዱ ንጣፍ ስምንት በስምንት ነጥብ ነው፤ በአንድ ረድፍ 32፣ በጠቅላላው 30 ረድፍ፣ በድምሩ 960 ንጣፎች ይደረደራሉ። የንጣፎቹ ቅርጽ የሚገኘው በካሴቱ ውስጥ ነው። የትኛው ንጣፍ የት እንደሚቀመጥ የሚገልጸው ዝርዝር ግን በማሽኑ ቦርድ ላይ ባለው የምስል ማህደረ ትውስታ ይጻፋል። እንደ ማሪዮ ያሉ ተንቀሳቃሽ ስዕሎች ለብቻቸው ናቸው፤ እስከ 64 የሚደርሱት የእነዚህ ስዕሎች ቦታ የሚመዘገበው በምስል ቺፑ ሆድ ውስጥ ነው። ቀለሞቹም እንዲሁ።

ቅርጽ በካሴት፣ ድርድር በቦርድ፣ ተንቀሳቃሽ ስዕልና ቀለም በምስል ቺፑ ውስጥ መሆናቸው ለምርመራው መሠረት ነው።

ብልሽት ያልሆኑ ነገሮች

በአንድ አግድም መስመር ላይ ከስምንት በላይ ተንቀሳቃሽ ስዕሎች ሲገኙ ቺፑ ትርፎቹን አያሳይም፤ ጨዋታዎች ስዕሎቹን በየተራ ስለሚያሳዩ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ 3 ላይ ምስሉ ሲንሸራተት በስክሪኑ ጠርዝ የሚታየው የተሳሳተ ቀለምም የጨዋታው ጠባይ እንጂ የማሽኑ ሕመም አይደለም። ኤን.ኢ.ኤስ. በሰከንድ አንድ ጊዜ ያህል እየበራ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የምስል አይደለም፤ በውስጡ ያለው የካሴት መቆጣጠሪያ ቺፕ ከካሴቱ አቻው ጋር መገናኘት ስላቃተው ማሽኑን ደጋግሞ ያስነሳዋል። ፋሚኮም ይህ መቆጣጠሪያ የለውም።

ካሴትና ሶኬት

ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠረጠረው የካሴቱ ጥርስና የሚገባበት ሶኬት ነው። የፋሚኮም ካሴት 60፣ የኤን.ኢ.ኤስ. ደግሞ 72 መገናኛዎች አሉት፤ ከእነዚህ አንዱ ብቻ ቢቆሽሽ ምስሉ ሊዘበራረቅ ይችላል። ካሴቱን በአፍ እፍ ማለት በመላው ዓለም የተለመደ ቢሆንም ጉዳቱ ያመዝናል። እፍ ከተባለ በኋላ ጨዋታው የሚሠራው በአብዛኛው ካሴቱ ወጥቶ እንደገና በመግባቱ ነው፤ የትንፋሹ እርጥበት ግን መዳቡ ላይ ይቀርና ዝገት ያመጣል። ትክክለኛው ዘዴ ጥርሱን በንጹሕ አልኮል በራሰ ጥጥ መጥረግ ነው። ጠቁሮ እምቢ ካለ ለስላሳ ላጲስ ያግዛል፤ የላጲሱ ፍርፋሪ ግን ወደ ሶኬቱ እንዳይገባ በጥንቃቄ መራገፍ አለበት። የብርጭቆ ወረቀት ወርቅ ቅቡን ስለሚልጥ ፈጽሞ አይመከርም።

ሌላ ካሴት ማስገባት ቀላሉ ፈተና ነው። አዲሱ ካሴት በደንብ ከሠራ ጥፋቱ የመጀመሪያው ካሴት ነው። ሁሉም ካሴቶች በአንድ ዓይነት መንገድ ከተበላሹ ወደ ሶኬቱና ወደ ቦርዱ ማለፍ ይገባል። እዚህ ላይ አንድ ልብ የሚባል ልዩነት አለ። በብዙ ካሴቶች የንጣፎቹ ቅርጽ በቋሚ ቺፕ ላይ ስለሚገኝ ካሴቱ ጫን ሲደረግ ምስሉ ወዲያው ይስተካከላል። እንደ ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ ባሉ ጨዋታዎች ግን ቅርጹ በካሴቱ ውስጥ ወዳለ ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ ይገለበጣል። በሚገለበጥበት ቅጽበት መገናኛው ከሳተ፣ በኋላ መገናኛው ቢጠብቅ እንኳ ቅርጹ እንደገና እስኪጫን ድረስ ምስሉ እንደተበላሸ ይቆያል።

ምስሉን ማንበብ

ዳራው ተዘበራርቆ ተንቀሳቃሽ ስዕሎቹ ንጹሕ ከሆኑ ጥርጣሬው በምስል ማህደረ ትውስታው ላይ ያርፋል፤ ምክንያቱም ተንቀሳቃሽ ስዕሎች ቦታቸውን ከዚያ አይወስዱም። ንጣፎቹ እያንዳንዳቸው ቅርጻቸው ያልተበላሸ፣ ነገር ግን ያለ ቦታቸው የተቀመጡ ሆነው ይታያሉ። ይሁንና ብዙ ጠጋኝ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ማህደረ ትውስታውን የሚያነቃው መስመርና ከሁለቱ ግማሾቹ አንዱን የሚመርጠው መስመር የሚያልፉት በካሴቱ በኩል ነው። ስለዚህ የቆሸሸ ካሴት የሞተ ማህደረ ትውስታ መስሎ ሊታይ ይችላል። ሶኬቱን ሳያጸዱ ይህን ቺፕ መንቀል ጤነኛ ጥርስ እንደ መንቀል ነው።

ሁሉም ነገር፣ ዳራውም ማሪዮም፣ በየስምንት ነጥቡ በሚደጋገም ቀጭን ቋሚ መስመር ከተሸነሸነ ከስምንቱ የመረጃ መስመሮች አንዱ ታሟል። በንጣፍ ውስጥ አንድ ባይት የአንድን ረድፍ ስምንት ነጥቦች ስለሚይዝ እያንዳንዱ መስመር ከአንድ ቋሚ ዓምድ ጋር ይዛመዳል፤ ዓምዱን ቆጥሮ መስመሩን ማወቅ ይቻላል። መስመሩ ከመሬት ወይም ከ5 ቮልት ጋር ከተጣበቀ ሽንሽኑ ያልተቆራረጠ ይሆናል። ተበጥሶ ከተንጠለጠለ ግን ነጥብ ነጥብ ያለ ሊሆን ይችላል። ንጣፎቹ ተሸንሽነውም ቢሆን በትክክለኛ ቦታቸው ካሉ ብልሽቱ በካሴቱ በኩል ነው። ቦታቸውንም ከሳቱ ቦርዱ ላይ ያለው የጋራ መስመር ይጠረጠራል።

የአድራሻ መስመሮች ሌላ ዓይነት ምልክት ይሰጣሉ። ታችኞቹ ሦስት መስመሮች በንጣፉ ውስጥ ረድፉን ስለሚመርጡ አንዳቸው ሲበላሹ በእያንዳንዱ ንጣፍ ውስጥ አግድም ረድፎች ይደገማሉ፣ ሌሎቹ ይጠፋሉ። አራተኛው ሲበላሽ ቅርጹ በከፊል ይታወቃል፤ ከአራቱ ቀለሞች ግን ሁለቱ ብቻ ይቀራሉ። ከዚያ በላይ ያሉት ንጣፉን ራሱን ይመርጣሉ፤ ሲበላሹ አንድ ፊደል በሌላ ሙሉ ፊደል ይተካል። የመጨረሻው የቅርጽ መስመር፣ አሥራ ሦስተኛው፣ የዳራውን ክምችት ከተንቀሳቃሽ ስዕሎች ክምችት ይለያል። እሱ ሲበላሽ በሱፐር ማሪዮ ብሮስ ማሪዮ በጡብና በደመና ቁርጥራጭ ተገጣጥሞ ሲሮጥ ሊታይ ይችላል። ይኸው መስመር በሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ 3 ካሴት ውስጥ የስክሪኑን አግድም መስመሮች ለመቁጠርም ስለሚያገለግል፣ መገናኛው ሲላላ ከታች ያለው የነጥብ ሰሌዳ ይንቀጠቀጣል።

የምስል ቺፑ ስምንቱን የመረጃ መስመሮች ለታችኞቹ ስምንት አድራሻዎችም በየተራ ይጠቀምባቸዋል። ሁለቱን የሚለያቸው 74373 የተባለ ትንሽ ቺፕ ነው። የታችኞቹ አድራሻዎች ምልክቶች ተደባልቀው ሲታዩ መጀመሪያ የሚመረመረው እሱ ነው። ርካሽ ነው፤ ዛሬም ይገኛል።

ዳራው ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ተንቀሳቃሽ ስዕሎች ብቻ ከቦታቸው ከተበተኑ፣ ወይም ቅርጹ ሁሉ ትክክል ሆኖ ቀለሙ ብቻ ከሳተ፣ ጣት የሚቀሰረው በምስል ቺፑ ላይ ነው። ይህ መጥፎ ዜና ነው።

ቺፕ መቀየር

ካሴቱና ሶኬቱ ከጸዱ በኋላ የቦርዱ 5 ቮልት በቴስተር ይለካል። ከ4.75 በታች የወረደ ቮልቴጅ ራሱን የቻለ የመዘበራረቅ ምክንያት ነው። ቀጥሎ ማሽኑ ጠፍቶ እያንዳንዱ መስመር ከሶኬቱ እስከ ቺፑ እግር መድረሱ ይፈተሻል። የተሰነጠቀ የእርሳስ ነጥብ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዚህ ደረጃ ነው።

በኤን.ኢ.ኤስ. ቦርድ የዋናው ቺፕ ማህደረ ትውስታና የምስል ማህደረ ትውስታው አንድ ዓይነት ናቸው። ስለዚህ ሁለቱን አቀያይሮ መሞከር ይቻላል፦ ዳራው ተስተካክሎ ጨዋታው ራሱ መነሣት እምቢ ካለ የተጠረጠረው ቺፕ በእርግጥ በሽተኛ ነበር። ምትኩ 6116 የሚባለው ዓይነት ነው፤ የእግሮቹ ስፋት ከቦርዱ ቀዳዳዎች ጋር መመሳሰሉ ግን አስቀድሞ መታየት አለበት። የሚሻለው በቀዳዳው ላይ ሶኬት በይዶ ቺፑን መሰካት ነው። ካውያው ረጅም ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከቆየ የመዳብ ቀለበቱ ከቦርዱ ይላቀቃል፤ በጥገና ከሚሞቱ ማሽኖች ብዙዎቹ የሚሞቱት እንዲህ ነው። የምስል ቺፕ ሲቀየር የጃፓንና የአሜሪካው ከአውሮፓው ጋር እንደማይለዋወጥ መዘንጋት የለበትም።

ቅጂ ማሽኖች

በብዙ የአፍሪካና የእስያ አገሮች፣ በኢትዮጵያም ጭምር፣ ተጫዋቹ እጅ የገባው ማሽን ብዙውን ጊዜ ቅጂ ነው። በኋለኞቹ ቅጂዎች ዋናው ቺፕም የምስል ቺፑም በአንድ ጥቁር የሙጫ ጠብታ ሥር ተጠቃልለዋል፤ የጠብታው ውስጥ ከተበላሸ ጥገና የለውም። ነገር ግን እነዚህ ማሽኖች በቀላሉ የሚበላሹት በሌላ ቦታ ነው፦ ስስ የሶኬት ምላስ፣ የተበጠሰ ሽቦ፣ የደከመ ካፓሲተር። ሦስቱም በማንኛውም የሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ እጅ ይድናሉ።

በኢትዮጵያ

አዲስ የኮንዶሚኒየም ግንባታ በተስፋፋባቸው፣ በአዲስ አበባ ዳርቻ እንዳለው ኮዬ ፈጬ ባሉ ሰፈሮች፣ በበጋ የሚነሣው አቧራ ክፍት ወደሆነ የካሴት ሶኬት ይገባል፤ የክረምቱ እርጥበት ደግሞ ያጣብቀዋል። ባዶ ሶኬት በጨርቅ መሸፈኑ ከማንኛውም መድኃኒት ይበልጣል። መብራት ሲጠፋ አዳፕተሩን ከሶኬት መንቀልም ይመከራል፤ ሲመለስ ኃይሉ ሊዋዥቅ ይችላልና።

ከውጭ የመጣ ማሽን ሁለት ተጨማሪ ችግሮች አሉት። የጃፓን ፋሚኮም ምስሉን የሚልከው በሰከንድ 60 ጊዜ፣ ኤን.ቲ.ኤስ.ሲ. በተባለው ሥርዓት ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ግን ለፓል ሥርዓትና ለ50 የተዘጋጀ ስለሆነ በቆዩ ቴሌቪዥኖች ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሊሆን ወይም ወደ ላይ ሊንከባለል ይችላል። ይህን አይቶ ቦርዱን የሚፈታ ሰው ጤነኛ ማሽን ይፈታል። ሁለተኛው ችግር አዳፕተሩ ነው። የጃፓኑ አዳፕተር ለ100 ቮልት የተሠራ በመሆኑ በቀጥታ 220 ቮልት ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። የኤን.ኢ.ኤስ. አዳፕተር ተለዋዋጭ ኃይል (ኤሲ) ስለሚያወጣ በፋሚኮም ላይ ከተሰካ ቦርዱን ሊያበላሽ ይችላል። ፋሚኮም የሚፈልገው 10 ቮልት ቀጥተኛ ኃይል (ዲሲ) ሲሆን፣ የመሰኪያው መካከለኛ ቀዳዳ ኔጌቲቭ መሆን አለበት።