ካሴቱ፣ ዐውደ ነገሥቱና ደብተራው

እ.ኤ.አ. በ1989 አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የቀረበ አንድ የቲቪ ጌም ካሴት ነበር፤ የሚተኮስበት ጠላትም ሆነ የሚዘለል ገደል የለውም። ስሙ «ታቡ፦ ዘ ሲክስዝ ሴንስ» ይባላል። የሠራው ሬር የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት፣ ያከፋፈለው ትሬድዌስት ሲሆን የሚሰካው በዚያ ዘመን ልጆች ባበዱለት የኔንቴንዶ ማጫወቻ ላይ ነው። ሥራው ታሮት ማንበብ ነው፤ በግልጽ ቋንቋ፣ መጠንቆል። ተጫዋቹ ስሙን፣ የተወለደበትን ቀንና ጾታውን ያስገባል፤ ጥያቄውንም ፊደል በፊደል እየመረጠ ይጽፋል። ካርታዎቹ ስክሪኑ ላይ ይበወዛሉ፣ አንድ በአንድ እየተገለበጡ ይዘረጋሉ፣ አጭር አጭር ፍቺም ይሰጥባቸዋል። ንባቡ ሲያልቅ የሚኖርበትን ግዛት ይጠይቀውና የሎተሪ ቁጥሮች ያወጣለታል። አከፋፋዩ ዕድሜያቸው 14 ዓመት ያልሞላ ልጆች ባይጫወቱት ይመረጣል ብሎ ነበር። በሌሎች ጌሞች ላይ መስቀል እንኳ ሲያይ «አንሡልኝ» ይል የነበረው ኔንቴንዶ፣ ሰይጣንና ሞት የተሳሉባቸውን ካርታዎች እንዴት ዓይኑን ጨፍኖ እንዳሳለፈ ይገርመኛል።

መቀሌ ውስጥ ጌም ቤት የሚገባ ወጣት እንዲህ ያለውን ነገር ፈልጎ አይገባም። እዚያ የነገሠው ኳስ ነው፤ ሁለት ተጫዋቾች ጆይስቲክ ይዘው ይፋጠጣሉ፣ ተረኞቹ ከኋላ ይንጫጫሉ፣ ሒሳቡን ተሸናፊ ይከፍላል። ነገር ግን ስም ተቀብሎ፣ ሕግ ባለው አሠራር አስልቶ፣ ከተዘጋጀ ሰንጠረዥ መልስ አውጥቶ መስጠትን የትግራይም ሆነ የቀረው ደጋ ደብተራ ኤሌክትሪክ ሳያይ ሲሠራበት ኖሯል። ካሴቱን አዲስ ነገር ያደረጉት አሜሪካኖች ስለ ማሽኑ ብዙ ተናግረዋል። እኔ ግን ወደ ደብተራው የኮከብ መጽሐፍ፣ ወደ ዐውደ ነገሥት ስመለስ የሚታየኝ ሌላ ነው፤ ስሌቱ ከሰው እጅ ከወጣ ቆይቷል፣ የጥንቆላ ገበያ ግን አሁንም ያለው ሰውየው ዘንድ ነው።

አስቀድሞ ስለ ካርታው ጥቂት። ታሮት የተወለደው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ጣሊያን ውስጥ ሲሆን ለመጫወቻ እንጂ ለጥንቆላ አልነበረም። 78 ካርታዎች አሉት፤ 22ቱ እንደ ሞኝ፣ እንደ ጳጳሲት፣ እንደ ተሰቀለ ሰው ያሉ ሥዕሎች የያዙ ናቸው። ሦስት መቶ ዓመት ከተቆመረበት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1781 ኩር ደ ዤብላን የተባለ ፈረንሳዊ ይህ የጥንት ግብፅ ካህናት የደበቁት ጥበብ ነው ብሎ ጻፈ። የግብፅ ጽሕፈት ገና ያልተፈታ ስለነበር የሚያርመው አልተገኘም። ወዲያው ኤቴያ የሚል የብዕር ስም የያዘ ሌላ ፈረንሳዊ ተነሥቶ ካርታውን ለጠንቋይ ሥራ አዘጋጀው። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው መልኩ ደግሞ ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ሥላው እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን የታተመው ነው። የቁማር ካርታ በአንድ ትውልድ ውስጥ ጥንታዊ ምሥጢር ሆነ ማለት ነው።

ኔንቴንዶም ቢሆን ከካርታ የራቀ አልነበረም። ኩባንያው ኪዮቶ ውስጥ በመስከረም 1882 ዓ.ም. ሲመሠረት ሥራው ሃናፉዳ የሚባለውን 48 ባለአበባ ካርታ መሥራት ነበር። መቀሌን መናገሻቸው አድርገው ቤተ መንግሥታቸውን በጣሊያናዊው ናሬቲ እጅ ያሠሩት ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ መተማ ላይ ከወደቁ ገና ስድስት ወሩ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ የኩባንያው ማጫወቻ መልሶ ካርታ መበወዙ ብዙም አያስደንቅ።

አሁን ወደ እኛው። ዐውደ ነገሥት አንድ ደራሲ፣ አንድ ዘመን የለውም፤ ከደብተራ ወደ ደብተራ ሲገለበጥ የኖረ፣ እንደ ገልባጩ የሚጨመርበትና የሚቀነስበት መጽሐፍ ነው። ከየት እንደመጣ የሚያሳብቁት የኮከቦቹ ስሞች ናቸው፤ ሐመል፣ ሰውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን፣ አቅራብ፣ ቀውስ፣ ጀዲ፣ ደለዊ፣ ሑት። ዐረብኛ የሚያውቅ ሰው አንዱም አያደናግረውም። በዐረቡ ዓለም በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ በሠራው የባልኽ ተወላጅ ኮከብ ቆጣሪ በአቡ ማዕሸር ስም የሚዞር የኮከብ መጽሐፍ አለ፤ እሱም የሰውን ስም ከእናቱ ስም ጋር ደምሮ በ12 ይገድፋል፣ ማለትም አካፍሎ ቀሪውን ይይዛል። ግብፅ ውስጥ ዛሬም መንገድ ላይ ይሸጣል። ዐውደ ነገሥት የዚያ መጽሐፍ ዘመድ ነው።

አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው። እያንዳንዱ ፊደል የቁጥር ዋጋ አለው። ጠያቂው መጥቶ ይቀመጣል፣ ደብተራው ስሙን ይጠይቃል፣ ቀጥሎ የእናቱን ስም። የአባት ስም አይፈለግም፤ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት አባት ሊጠረጠር ይችላል፣ እናት ግን አትጠረጠርም የሚል ነው። የሁለቱ ስሞች ፊደላት ዋጋ ይደመራል። ድምሩ 163 መጣ እንበል። በ12 ሲገደፍ አሥራ ሦስት ጊዜ 12፣ 156 ይሄዳል፤ ቀሪው 7 ነው። ሰባተኛው ኮከብ ሚዛን ነው፣ ባሕርዩም ነፋስ። ምንም ካልተረፈ አሥራ ሁለተኛው፣ ሑት ይሆናል። ከዚያ መጽሐፉ ይገለጣል፤ ሚዛን የሆነ ሰው ጠባዩ እንዲህ ነው፣ የሚታመመው እዚህ ጋ ነው፣ የሚስማማው ቀለም፣ የሚጠላው ቀን፣ የሚያድነው ጸሎትና ሥር ይህ ነው ይላል። ለሌላ ጥያቄ ሌላ መግደፊያ አለ። የታመመ ይድን እንደሆነ፣ እርጉዝ የምትወልደው ወንድ ይሁን ሴት፣ የሄደ ይመለስ እንደሆነ፣ ነጋዴ ያተርፍ እንደሆነ፣ ባልና ሚስት ይስማሙ እንደሆነ በየአንቀጹ ተቀምጧል። ስለ ባለትዳሮች ዛሬም «ኮከባቸው አልገጠመም» የሚለው ሰው፣ ዐውደ ነገሥትን በዓይኑ ባያይም ከዚያው አንቀጽ እየተናገረ ነው።

ይህን ስሌት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የቀመሰ ሁሉ ያውቀዋል፤ በዓላት የሚወጡበት ባሕረ ሐሳብ በዚሁ መንገድ ይሠራልና። ለ2018 ዓ.ም. እናስላ። 5500 ሲደመርበት 7518 ይሆናል፤ በ19 ሲገደፍ 13 ይተርፋል፤ አንድ ለዘመን ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። ወንበሩ በ11 ሲባዛ 132፣ በ30 ሲገደፍ 12፤ ይህ አበቅቴ ነው። በ19 ሲባዛ 228፣ በ30 ሲገደፍ 18፤ ይህ መጥቅዕ ነው። ሁለቱ ተደምረው 30 ካልሆኑ ስሌቱ ላይ ስሕተት አለ ማለት ነው። ጠዋት የፋሲካን ቀን የሚያወጣ እጅ ማታ የጎረቤቱን ኮከብ ቢያወጣ የሚማረው አዲስ ሒሳብ የለም። ልዩነቱ ባሕረ ሐሳብ ራሱን የሚያርምበት መንገድ ሲኖረው ዐውደ ነገሥት የሌለው መሆኑ ነው። ሚዛን የተባለው ሰው አሰድ ቢሆን ኖሮ ማን ያውቃል?

ቤተ ክርስቲያን ለሁለቱ አንድ ዓይን የላትም። ጥንቆላን ዘዳግም 18 ላይ ያለው ቃል ያወግዘዋል። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434–1468) ደግሞ ነገሩን የመንግሥት ጉዳይ አደረጉት፤ ሕዝቡ በግንባሩ የሥላሴን ስም፣ በእጁ ሰይጣንን መካዱን የሚመሰክር ጽሑፍ እንዲይዝ አዘዙ፣ በባዕድ አምልኮ የተከሰሱ የገዛ ልጆቻቸው ሳይቀሩ ተቀጡ። ደብተራው ግን ቀረ። ቀን ከመቅደሱ ደጅ ዜማ ይቆማል፣ ሲመሽ ክታብ ይጽፋል፤ የሰፈሩ ሰው በአንድ አፉ ያማዋል፣ በሌላ አፉ «መጽሐፍ ግለጥልኝ» ይለዋል።

ሌላም የጥንቆላ ዓይነት አለ፤ ሞራ ገላጩ፣ ሲኒ አንባቢው፣ ጠጠር ጣዩ። በተለይ በአሸዋ ወይም በጠጠር የሚሠራው፣ በእስልምናው ዓለም ረምል የሚባለው፣ ኮምፒውተር ለሚያውቅ ሰው ያስቃል። አራት መስመር ይወጣል፣ እያንዳንዱ ነጠላ ነጥብ ወይም ጥንድ ነጥብ ነው፤ ሁለት ምርጫ አራት ጊዜ ሲደጋገም 16 ቅርጽ ይሰጣል፣ ከዚያ የሚወጣም የሚጨመርም የለም። ሞራና ሲኒ የዓይን ሥራ ናቸው፣ እነሱን ካሴት ላይ መጫን ያስቸግራል። ረምልና ዐውደ ነገሥት ግን ካሴቱን እየጠበቁ የነበሩ ይመስላሉ።

በካሴቱና በዐውደ ነገሥት መካከል ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ካሴቱ ይበውዛል። የዚያ ዘመን ማጫወቻ የታዘዘውን ብቻ የሚሠራ ስለሆነ ድንገተኛ ነገር ከራሱ ማምጣት አይችልም፤ ጌሞቹ ቁጥር ከቁጥር እያራቡ፣ ብዙ ጊዜም ጣት ቁልፍ የነካበትን ቅጽበት እየተጠቀሙ ያስመስሉታል። ስለዚህ ያንኑ ጥያቄ ደግመህ ብትጠይቀው ሌላ ካርታ ይመጣል፤ ትናንት የነገረህንም አያስታውስም፣ ማጫወቻው ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ዐውደ ነገሥት በተቃራኒው ሺህ ጊዜ ብትጠይቀው ሺህ ጊዜ ሚዛን ነህ ይልሃል። አንዱ ምንም አያስታውስ፣ ሌላው ምንም አይቀይር። ለጭንቀት የሚሆን ሰው ከሁለቱም አይወጣም።

የሚሆነው ሰው ደብተራው ነው፤ ይህን የተረዳሁት ስለ ፊደል ሳስብ ነው። ስሌቱ ድርቅ ያለ ይመስላል እንጂ በፊደል ምርጫ ላይ ክፍተት አለው። «ኃይሉ» በየትኛው ይቆጠር? በ«ኀ»፣ በ«ሐ» ወይስ በ«ሀ»? ዋጋቸው አንድ አይደለም፣ ስለዚህ ኮከቡም አንድ አይሆንም። አዲስ አበቤው ሦስቱንም አንድ አድርጎ ይጠራቸዋል። መቀሌ ላይ ጆሮ ትንሽ ይረዳል፤ ትግርኛ «ሀ»ን ከ«ሐ»፣ «አ»ን ከ«ዐ» ለይቶ ስለሚጠራ፣ ሓጎስ የሚባል ሰው ስሙን ሲናገር የመጀመሪያው ፊደል «ሀ» አለመሆኑ አያከራክርም። «ሰ»ና «ሠ»፣ «ጸ»ና «ፀ» ሲመጡ ግን ትግርኛም አያድንም። የክርስትና ስም ይሻላል ወይስ የዓለም ስም የሚለው ደግሞ ሌላ ምርጫ ነው። ደብተራው ፊት አይቶ፣ ወሬ ሰምቶ፣ የጠያቂውን አባትና አያት አስታውሶ አንዱን ይመርጣል። መጽሐፉ የሚለውን ሁሉ አያነብም፤ «ትሞታለህ» የሚለውን ወደ «ተጠንቀቅ» ያለሰልሰዋል። የሰውየው ጥበብ እዚህ ላይ ነው፤ ማታለሉም እዚሁ ላይ ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ዐውደ ነገሥት አዲስ አበባ ውስጥ በማተሚያ ቤት ታትሞ እንደማንኛውም መጽሐፍ ሲሸጥ፣ የደብተራው ሱቅ ይዘጋል ብሎ የጠበቀ ሰው ባይፈረድበት ነበር። የፊደሉ ዋጋ ሰንጠረዥ ተገለጠ፣ መግደፊያው ተገለጠ፣ መልሱ ተገለጠ፤ መደመርና ማካፈል የሚችል ተማሪ ሁሉ ኮከብ ቆጣሪ ሆነ። ሰው ግን መጽሐፉን ገዝቶም ወደ አዋቂ ቤት መሄዱን አልተወም።

ለምን እንዳልተወ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲጀመር የክልሉ ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ። ጦርነቱን ያቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ መቀሌ ላይ መስመሩ በመጨረሻ መመለስ የጀመረው ደግሞ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ። በመካከሉ መስመር ባልነበረባቸው ረጅም ወራት አዲስ አበባ ያለ ልጅ መቀሌ ያለች እናቱ በሕይወት መኖሯን፣ መቀሌ ያለች እናትም ግንባር የሄደ ልጇ መመለሱን የሚያውቁበት መንገድ አልነበረም። «የሄደ ይመለሳልን» የሚለው የዐውደ ነገሥት አንቀጽ የተጻፈው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው። ስሌቱ ላይ ማፌዝ ቀላል ነው፤ ጥያቄው ላይ ግን ማፌዝ አይቻልም።

አሁን ዐውደ ነገሥት በስልክ መተግበሪያ ሆኖ ይገኛል። ስምህንና የእናትህን ስም ትጽፋለህ፣ ትነካዋለህ፣ ኮከብህ ከነባሕርዩ ይወጣል፤ እንደ ታቡ ካሴት ግን አይበውዝም፣ የሎተሪ ቁጥርም አይሰጥም። ስልኩ ላይ ፊደል የሚመርጠው ተጠቃሚው ነው፤ አብዛኛውም የቀለለውን «ሀ» ይነካል። በ«ኀ» የተቆጠረው ኃይሉና በ«ሀ» የተጻፈው ሀይሉ አንድ ሰው ሆነው ሁለት ኮከብ ያገኛሉ፤ መተግበሪያው የትኛው እንደሚበልጥ አይናገርም፣ ለምን እንደጠየቀም አይጠይቀውም።