ከእንጨት ዘንግ እስከ ዳሽቦርድ ቁጥር፦ ነዳጃችን የት ያደርሰናል?



«ባለፈው ፉል ስሞላ 500 ኪሎ ሜትር ያስኬድሃል አለኝ። ዛሬም ፉል ሞልቼ 400 አለኝ። ነዳጁ የት ገባ?» መኪና ያለው ሰው አንድ ቀን ይህን መጠየቁ አይቀርም። ነዳጅ ቀጂውን የሚጠረጥር አለ፤ ወደ መካኒክ የሚሮጥም አለ። መልሱን ለማግኘት ግን ትንሽ ወደ ኋላ ሄደን ታሪኩን ማየት ይጠቅማል።

እ.ኤ.አ. በ1908 የወጣው የፎርድ ሞዴል ቲ የነዳጅ ጌጅ አልነበረውም። ሰልባትዮው ለብዙ ዓመታት የተሠራው ከፊት ወንበር ሥር ነበር። ባለመኪናው ወንበሩን ያነሳል፣ ክዳኑን ይከፍታል፣ እንጨት ነክሮ ይለካል። ቤንዚኑ ወደ ሞተር የሚፈሰው በራሱ ክብደት ስለሆነ፣ ነዳጅ ሲያንስ ኃይለኛ ዳገት የሚወጣው በኋላ ማርሽ ነበር!

የምናውቃት ቮልስስ? እሷም እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ጌጅ አልነበራትም። ሞተሩ መንተፋተፍ ሲጀምር ሹፌሩ እግሩ አጠገብ ያለችውን ማዞሪያ ይከፍትና 5 ሊትር ገደማ መጠባበቂያ ያገኛል። ከዚያ በኋላ የት እንደሚደርስ የሚገምተው ራሱ ነው፤ ዳገቱን፣ ጭነቱን፣ የቀረውን መንገድ አስቦ።

ጌጅ ሲመጣ ስንት እንደቀረ ነገረን እንጂ ስንት እንደሚያስኬድ አልነገረንም። ይህን ግምት ከሹፌሩ የተቀበለው ኮምፒውተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 አሜሪካ ውስጥ እንደ ካዲላክ ሴቪል ያሉ ውድ መኪኖች የቀረውን ርቀት በቁጥር ማሳየት ጀመሩ።

ስሌቱ ቀላል ነው። መኪናው የቀረውን ነዳጅ ይለካል፤ ከዚያ በቅርቡ ስንት እንደበላ አይቶ ያካፍላል። 40 ሊትር አላችሁ እንበል። ሰሞኑን በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ከበላ 500 ይላችኋል። በከተማ መጨናነቅ ውስጥ ሰንብቶ 10 ሊትር ከበላ 400 ይላል። ነዳጁ ያው ነው፤ የተለወጠው ያለፈው አነዳዳችሁ ነው።

ዓባይ በረሃን የነዳ ሰው ይህን በዓይኑ አይቶታል። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። በማርሽ ስትወርዱ ዘመናዊ ሞተር ነዳጅ የሚወስደው እጅግ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ ባለበት ይቆማል፣ አንዳንዴም ይጨምራል። ተሻግራችሁ ወደ ደጀን ስትወጡ ግን ከሄዳችሁት ኪሎ ሜትር በላይ ይወርዳል። ኮምፒውተሩ ቁልቁለቱን ያስታውሳል እንጂ ከፊት ያለውን ዳገት አያውቅም።

ኮምፒውተር የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ መሆኑን አንድ አውሮፕላን በከባዱ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 23 ቀን 1983 የኤር ካናዳ ቦይንግ 767 የነዳጅ ጌጁ ስለተበላሸ ነዳጁ በመለኪያ ዘንግ ተለካ። ሊትሩ ወደ ኪሎ ሲቀየር 0.8 በሚባዛበት ቦታ የፓውንዱ ቁጥር 1.77 ገባ። የተነሣውም ከሚያስፈልገው ግማሽ እንኳ ሳይሞላ ነው። ለበረራ ኮምፒውተሩ የተነገረው ግን 22,300 ኪሎ ስለነበር በቂ ነዳጅ አለ እያለ አሰላ። ሞተሮቹ አየር ላይ ጠፉ። ካፒቴን ሮበርት ፒርሰን ያለ ሞተር አንሳፎ ጊምሊ በሚባል አሮጌ የአየር ኃይል ሜዳ አሳረፈው፤ ከ69ኙ ሰዎች የሞተ የለም።

ይህን አሁን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ብዙዎቻችሁ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና እየገባችሁ ነው። እዚያም ቁጥሩ ግምት ነው። ዳገት ላይ ባትሪው ቶሎ ይወርዳል፣ ቁልቁለት ላይ ከፊሉን ይመልሳል። ልዩነቱ ባትሪ ቢያልቅ በጀሪካን የሚያመጣላችሁ ሰው አለመኖሩ ነው።

እንግዲህ ክፍለ ሀገር ስትወጡ ቁጥሩን እዩት፣ ግን መንገዱንም አስቡ። ዳገት ካለ፣ ጭነት ከበዛ፣ የሚቀጥለው ማደያ ወይም ቻርጅ ማድረጊያ ሩቅ ከሆነ ሰፋ ያለ ትርፍ ያዙ። የቮልሱ ሹፌር ይህን የሚያደርገው ተገድዶ ነበር፤ እኛ ደግሞ አውቀን እናድርገው።

መልካም መንገድ!